ብቻን መጓዝ ምን ይሰጣል? ከመሃል አዲስ አበባ ለምትጀምር ሰው ምክር እፈልጋለሁ

ሰገነት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ከጓደኞቼ ጋር የምናቅደው ጉዞ አንዱ «አልቻልኩም» ባለ ቁጥር ይፈርሳል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ሰው ሳልጠብቅ ብቻዬን መሄድ እፈልጋለሁ። እቤት ሳነሳው የሚመጣው ጥያቄ «ምነው፣ ምን ሆነሽ?» ነው። ብቻዋን የምትሄድ ሴት የተጣላች ወይም የከፋት ትመስላቸዋለች።

ነገሩን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ። ብቻን መጓዝ ከሰው ጋር ከመጓዝ የተለየ ምን ይሰጣል? ድብርቱስ እንዴት ይያዛል? ከየትስ ልጀምር፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ወይስ በቀጥታ ወደ ክፍለ ሀገር? «ዝም ብለሽ ውጪ፣ ይለመዳል» የሚለውን ምክር ጠግቤዋለሁ፤ የሚጨበጥ ነገር ነው የምፈልገው።

የእግር መንገድ

እህቴ፣ ከዚሁ ከመሃል ከተማ ጀምሪ። የብቻ ጉዞን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የውሳኔ ብዛት ነው። ከሰው ጋር ስትሄጂ አንዱ መንገድ ያያል፣ አንዱ ምግብ ቤት ይመርጣል፣ ሌላው ሰዓት ይቆጣጠራል። ብቻሽን ስትሆኚ ሁሉም አንቺ ላይ ይወድቃል። ያልለመደ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ይዝልና እግሬን ደከመኝ ይላል፤ የደከመው ግን ጭንቅላቱ ነው። ይህን ድካም ቤትሽ ቅርብ ሳለ ብታውቂው ይሻላል።

መንገዱን ከላይ ወደ ታች አድርጊው። ከተማችን ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ ስለምታዘቀዝቅ፣ ከለገሃር ተነስቶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ከዳገት ጋር ይታገላል። በታክሲ ስድስት ኪሎ ውጪና በአምስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎ፣ በፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና አድርገሽ ለገሃር፣ ከዚያም መስቀል አደባባይ ውረጂ። ሁሉም ተደምሮ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይቆሙ ቢሄዱት ከሁለት ሰዓት በታች የሚያልቅ ነው፤ እያዩ ሲሄዱት ግን ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የካቲት 12 ሐውልት ሥር ሁኚ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረውን ጭፍጨፋ የሚያሳዩት ቅርጾች ሐውልቱን ስለከበቡት አንድ ቦታ ቆሞ ሙሉውን ማየት አይቻልም፤ መዞር የግድ ነው። አንዴ ፈጠን ብለሽ ዙሪ፣ ቀጥሎ በያንዳንዱ ጎን እየቆምሽ። በታክሲ መስኮት ስንት ዓመት ያለፈበት ሰው ያላየውን ታያለሽ። ከሰው ጋር ቢሆን አንዱ «እንሂድ» ይላል፤ ቡድን ምንጊዜም የሚሄደው በጣም በቸኮለው ሰው ፍጥነት ነው።

ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም። በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ። ሕንፃው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ከመግባትሽ በፊት ከፊቱ ያለውን፣ ወደየትም የማያደርሰውን ደረጃ ተመልከቺ። ጣሊያኖች ሙሶሎኒ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥልጣን ለቆየበት ለያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያደረጉ የሠሩት ነው። አሁን ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ብዙ ጎብኚ አጠገቡ ፎቶ ተነስቶ ሳያስተውለው ያልፋል።

ውስጥ ስትገቢ ሁሉንም ለማየት አትሞክሪ። ከሙዚቃ መሣሪያዎቹ መካከል በገናው ፊት ቁሚና 10 ደቂቃ ስጪው። በሁለተኛው ደቂቃ ያየሽው ይመስልሻል፣ እግርሽ ሊሄድ ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ ቆዪ። አሥሩን አውታሮች ቁጠሪ፣ ላይኛው ቀንበር ላይ እንዴት እንደተጠመጠሙ እዪ፣ ከዚያ ወደ ታች ወርደሽ አውታሩ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ የምትገባዋን ትንሽ ቆዳ ፈልጊ። ያ የሚንዘረዘር ድምፅ የሚመጣው ከእርሷ ነው። «የብቻ ጉዞ ምን ይሰጣል» ላልሽው አንዱ መልስ ይኸው ነው፤ የማይጎተት ዓይን። ነገሩ በራሱ ግን አይመጣም፣ እንዲህ በልምምድ ነው።

አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተው የድንቅነሽ አፅም ቅጂ የሚታይበት። ሁለቱን በአንድ ቀን አትደራርቢ። ሁለተኛው ላይ የሚደርሰው ዓይን የዛለ ነው፣ ሌላ ቀን ይሁን።

ምሳ 6 ሰዓት ላይ ብዪ፤ ከረፈደ ሰልፍ አለ፣ የተራበ ሰው ደግሞ መጥፎ ውሳኔ ይወስናል። ፒያሳ ስትደርሺ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰፈሩ ስለፈረሰና ስለተለወጠ፣ ሰዎች አሁንም በሌሉ ቤቶች ስም መንገድ እንደሚጠቁሙሽ እወቂ። በቀጥታ ጊዮርጊስን ወይም የምኒልክን ሐውልት ጠይቂ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከገባሽ ነጠላ ያስፈልግሻል፣ ጫማም ይወልቃል፤ ቅዳሴ ላይ ከደረስሽ ጉብኝቱን ትተሽ ዛፉ ሥር ተቀመጪ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ለገሃር። ባቡር በ1909 ዓ.ም. የደረሰበት አሮጌው ጣቢያና ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት የነበረው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እዚያ ናቸው።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ቀኑን ዝጊው። እኛ ዘንድ 12 ሰዓት ካለፈ ወዲያው ይጨልማል፤ የታክሲ ሰልፉም የሚረዝመው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ገልብጪ፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ጠዋት ውጭ ውጭውን፣ ከምሳ በኋላ ሙዚየሙን።

የማታ ወግ

ስለ መንገዱ በቂ ተብሏል፣ እኔ ስለ ትርጉሙ ልበል። ብቻ መጓዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ ከአገር አገር ለትምህርት ሲሻገር ኖሯል። ሱባኤ የሚገባም ለብቻው ይገባል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ብሎ ደጅ የቆመ መንገደኛ ማደሪያ ይሰጠው ነበር። ያልለመድነው ያለ ትምህርት፣ ያለ ስለት፣ ያለ ለቅሶ፣ ለማየት ብቻ ተነስቶ መሄድን ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ሰው ስለ ልጁ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ ስለዚህ የቤተሰብሽን ጥያቄ እንደ ክስ አትውሰጂው።

የሚሰጠውን በሁለት ነገር ልግለጸው። አንደኛ፣ የምትወጂው ነገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከአራት ሰው ጋር ስትወጪ የሚመረጠው አራቱም የማይጠሉት ነው፤ ስለዚህ ለዓመታት አብሮ የዞረ ሰው ተራራ ይሻለው ሐይቅ፣ ገበያ ይሻለው ቤተ መጻሕፍት፣ በርግጠኝነት ላያውቅ ይችላል። ብቻሽን ስትሆኚ እግርሽ ራሱ ይነግርሻል። የት እንደቆየሽና የት እንደሰለቸሽ ማታ ጻፊው።

ሁለተኛ፣ ሰው ያዋራሻል። ይህ ብዙዎችን ይገርማል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው በቡድን ከሚጓዘው ይልቅ ብዙ ሰው ያገኛል። ካፌ ውስጥ አራት ሆኖ የተቀመጠን ጠረጴዛ ማንም አይጠጋም። አንድ ሰው የተቀመጠበት ጋ ግን «ሰው አለው?» ተብሎ ወንበሩ ይሳባል፣ ቡናው እስኪመጣ ወሬ ይጀመራል። ሽማግሌዎች በተለይ ለአንድ አድማጭ ነው የሚያወሩት። ጥያቄሽ ስለ ቦታው ይሁን፣ «ይህ ቤት ድሮ ምን ነበር?» የሚል ዓይነት። ስለ ሰውየው ኑሮና ቤተሰብ ከጠየቅሽ ወሬው ይዘጋል፣ ወይም ወዳልፈለግሽው ይሄዳል።

ድብርቱ ሰዓት አለው። አንዱ ከወጣሽ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ የመነሳት ደስታ ሲያልቅ ነው። ይህኛው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ረሃብ ወይም ውሃ ጥም ስለሆነ ቁጭ ብለሽ ብዪና ጠጪ። ከባዱ ማታ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ያለው ነው። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ የሚሰበሰብበት፣ ሰውነትሽ የደከመበት፣ የምታዪውም ያለቀበት ሰዓት ነው። ለዚያ ሰዓት ሥራ አስቀድመሽ መድቢለት፦ ተጣጠቢ፣ እራት ብዪ፣ ለአንድ ሰው ደውዪ፣ ጻፊ። ሳይመደብለት ከቀረ ስልክ ይሞላዋል።

ስለ ስልክ አንድ ጥብቅ ነገር ልንገርሽ፤ ፎቶ አንሺ እንጂ በዚያው ቀን አትለጥፊ። ከለጠፍሽ መልስ ትጠብቂያለሽ፣ ዓይንሽ በየደቂቃው ይመለሳል፣ ብቻሽን የመሆኑ ጥቅም እዚያው ያበቃል።

ስትጽፊ ስሜትሽን ለመተንተን አትቸኩዪ። ያየሽውን፣ የሰማሽውን ንግግር እንደወረደ፣ የከፈልሽውን ዋጋ ጻፊ። ከወራት በኋላ ቀኑን የሚመልስልሽ «ደስ ብሎኛል» የሚለው ሳይሆን የሊስትሮው ንግግርና የሻዩ ዋጋ ነው። ደግሞ ኀዘን ላይ ያለ፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ ያስጠላው ሰው የመጀመሪያ የብቻ ጉዞውን ያኔ ባይጀምር እመክራለሁ። ብቸኝነት ያለውን ነገር ያጎላል እንጂ አይፈውስም፤ በዚያ ጊዜ ሰው አጠገብ ቢኖር ይሻላል።

ወለላ

ሴት ለሆነ መንገደኛ የሚመጣውን እኔ ልሙላ።

ገንዘብ ሦስት ቦታ ይከፈላል። የዕለቱ ወጪ በዝርዝር ብር ሆኖ በቀላሉ በምታወጪው ኪስ ይሁን፤ የታክሲ ረዳት መልስ የለኝም ሲል ቦርሳ መክፈት አያስፈልግሽም። ሁለተኛው የአንድ ሌሊት አልጋ፣ የሁለት ምግብና የመመለሻ ትራንስፖርት የሚሸፍን ጥሬ ብር ነው፤ ልብስሽ ውስጥ፣ ሳትቸገሪ የማይነካ። ቀሪው በቴሌብር ወይም በባንክ። ኔትወርክ የሚጠፋው ሒሳብ ልትከፍዪ ስትይ ስለሆነ ሁሉንም ስልክ ላይ አታድርጊ።

ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ የፒያሳ ታክሲ መያዣ፣ ኪስ አውላቂ የሚበዛባቸው ናቸው። የተለመደው ዘዴ ይህ ነው፦ ማስቲካና ሶፍት የያዘ ልጅ ካርቶኑን ወገብሽ ጋ ያስጠጋል፣ ከካርቶኑ ሥር ሌላኛው እጁ ይሠራል። ሌላው «ልብስሽ ላይ ፈሶብሻል» ብሎ ሊጠርግልሽ የሚጠጋ ነው። በሁለቱም አትቁሚ፤ ቦርሳሽን በእጅሽ ይዘሽ ቅርብ ያለ ሱቅ ግቢ፣ ልብስሽን እዚያ እዪ። ካርታ ለማየትም እንዲሁ፤ አስፋልት ዳር ቆሞ ስልክ የሚያይ ሰው ስልኩን በሞተር ሊነጠቅ ይችላል። ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ ወይም ውስጥ ግቢ።

«ብቻሽን ነሽ?» ለሚል የማታውቂው ሰው እውነቱን የመናገር ግዴታ የለብሽም። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» በቂ ነው። አንዴ ተናግረሽ ዝም በዪ፤ ሁለተኛ ማብራሪያ ከሰጠሽ ንግግሩን ራስሽ ከፈትሽው ማለት ነው።

አልጋ ስትይዢ ከመክፈልሽ በፊት ክፍሉን እዪ። በሩ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ አለው ወይ፣ መስኮቱ ይገጥማል ወይ፣ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ ይመጣል ወይ፣ ከሥሩ መጠጥ ቤት አለ ወይ። ምድር ቤት ያለውን ተዪው፣ ከአንደኛ ፎቅ በላይ ይሁን። የክፍሉን ቁጥር ሰው ፊት ጮክ ብለው ቢናገሩት ሌላ ክፍል ጠይቂ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከ10 ሰዓት በፊት መድረስ አለብሽ፤ ከመሸ የደረሰ ሰው ያልወደደውን አልጋ ለመተው አቅም የለውም።

ብቻ መብላት ከሚያስፈራው ያነሰ ነው። በየአይነቱ ለአንድ ሰው ይቀርባል፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የትም አይጠፋም። ጥብስ ብዙ ጊዜ ለሁለት የሚበቃ ስለሚመጣ ግማሽ ይሠሩ እንደሆን ጠይቂ። ግድግዳውን ተደግፈሽ በሩን በሚያይ ወንበር ተቀመጪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከከበደሽ ተቆሞ ቡና ከሚጠጣባቸው ቤቶች ጀምሪ፤ እዚያ ሁሉም ሰው ለብቻው ነው የቆመው።

ለአንድ ሰው ብቻ ሦስት መልእክት፦ ተነሳሁ፣ ደረስኩ፣ አልጋ ይዤ ገባሁ። ሰዓቱን አስቀድማችሁ ተስማሙ። «እስከ ማታ 2 ሰዓት ካልጻፍኩ ደውዪ፣ 3 ሰዓት ካለፈ ሆቴሉ ጋ ደውዪ» በዪና የሆቴሉን ስልክ ተዪላት። ያልተስማማ ሰው ባትሪሽ ባለቀ ቁጥር መንደሩን ያስነሳል።

ሐዲድ

ከ«የእግር መንገድ» ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የከተማው ቀን ጥሩ ነው፣ ግን አንዴ ይበቃል። ማታ ወደ ራስሽ አልጋ እስከተመለስሽ ድረስ ዋናው ነገር አልተነካም። ሰው ከራሱ ጋር የሚገናኘው ሌላ ቦታ አድሮ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነስቶ «ዛሬ ምን ላድርግ?» ሲል ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ሌሊት ትክክለኛው ልክ ነው። አንድ ሌሊት ከሆነ የመጀመሪያው ቀን በመድረስ፣ ሁለተኛው በመመለስ ያልቃል። ሁለት ሲሆን መሃል ላይ አንድ ሙሉ ነፃ ቀን ይገኛል፤ የወጣሽው ለዚያ ነው። ለዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ አቅጂ፣ ሌላውን ክፍት ተዪው።

ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ማታ ድብርት ሲመጣ ተመለሽ ተመለሽ ትላለች። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና በብዛት አለ፣ ከተማው ሜዳ ነው፣ ባጃጅ አይጠፋም፣ አልጋም በየዋጋው ይገኛል። ነፃው ቀንሽ በጠዋት አሞራ ገደል ይጀምር፤ ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲመጡ፣ ትልልቆቹ አሞሮች የሚጣለውን ሲሻሙ ተቀምጠሽ የምታዪበት ቦታ ነው። ከዋዜማው የመንገዱን ሁኔታ ጠይቂ፤ ትኬት ሻጩን ሳይሆን ከዚያ በዚያው ዕለት የተመለሰ ሾፌርን። «ጥሩ አይደለም» ካለሽ ቀኑን ለውጪ።

ለድሬዳዋ ባቡር የምታስቢ ከሆነ፣ አዲሱ ባቡር የሚነሳው ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር ከፉሪ ለቡ ነው። ጉዞው ረጅም ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም።

ጓዝሽ ጭንሽ ላይ የሚቀመጥ አንድ ቦርሳ ይሁን። ፖርቶ መጋላ ላይ የወጣ ሻንጣ በየማቆሚያው ያሳስብሻል፣ ሽንት ቤት ስትሄጂም የሚጠብቅልሽ የለም። አንድ ቅያሪ፣ ሹራብ፣ ነጠላ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ቻርጀርና ፓወር ባንክ፣ የእጅ ባትሪ፣ ኦአርኤስ፣ አንድ ሊትር ውሃ። ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ አልጋውን፣ ምግቡንና ትራንስፖርቱን ደምሪና ሲሶውን ጨምሪበት። ብቻውን የሚሄድ ሰው አልጋም ባጃጅም የሚጋራው ስለሌለ በጀቱ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።

ሰገነት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የከተማውን ቀን በመጪው ቅዳሜ፣ ሐዋሳን ከዚያ በኋላ አደርጋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ እናቴን እንዴት ላስረዳት? ለሐዋሳስ የትኛው መስኮት ይሻላል?

የማታ ወግ

እናትሽን በክርክር አትረቺያትም፣ ባትሞክሪው ይሻላል። እሷን የሚያስጨንቃት ትርጉሙ ሳይሆን የት እንዳለሽ አለማወቋ ነው። ወረቀት ላይ ጻፊላት፦ የምትሳፈሪበት መናኸሪያ፣ የሆቴሉ ስምና ስልክ፣ የምትመለሽበት ቀንና ሰዓት። ያልሽበት ሰዓት ላይ ደውዪ። ከከተማው ቀን በፊትም ይህንኑ አድርጊ፤ ለሐዋሳው ጊዜ ቃልሽ የተፈተነ ይሆናል።

ሐዲድ

ስትሄጂ በግራ በኩል ተቀመጪ። በነባሩ መንገድ ቆቃ፣ ዝዋይና ላንጋኖ በግራ ናቸው፤ አብያታና ሻላ በቀኝ። የጠዋት ፀሐይም በግራ ስለሆነች መጋረጃ ያለው መስኮት ምረጪ ወይም ነጠላሽን በእጅሽ ያዢ። ስትመለሺ ቀኝሽን ያዢ። የኋላው ወንበር ያንገጫግጫል፣ ጎማ ላይ ያለውም እግር አያስዘረጋም፤ መሃል ላይ ይሁን። የወንበር ቁጥር በየመኪናው ስለሚለያይ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ወደ መኪናው ሄደሽ የምትፈልጊውን በጣትሽ አሳዪ፣ ከዚያ ቁጥሩን ትኬቱ ላይ አስጽፊ።